ዲስኩ ነው ወይስ ኬብሉ? እየጠፋ ለሚመለስ ሃርድ ዲስክ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ኮምቦልቻ ውስጥ የፎቶና ቪዲዮ ስቱዲዮ አለኝ። የምሠራበት ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ ነው። ዊንዶውሱ ኤስኤስዲ (የሚዞር ክፍል የሌለው ማስቀመጫ) ላይ ሆኖ ለቪዲዮ ማስቀመጫ ባለ 2 ቴራ ሃርድ ዲስክ ተጨምሮለታል። ከጥቂት ወራት ወዲህ ትልቅ ፋይል ሳስተላልፍ ከመሃል ይቆማል፤ ዲስኩም ጭራሽ ከዝርዝሩ ይጠፋል። በዚያው ቅጽበት ከኬዙ ውስጥ ‹ቀጭ› የሚል ድምፅ ይሰማኛል። አጥፍቼ ሳበራው ይመለሳል። ሳምንት ሙሉ ደህና ሆኖ የሚከርምበት ጊዜም አለ። ዲስኩን ደሴ ወስጄ ሳስመረምረው ቀኑን ሙሉ ሠራ፤ ‹ለማንኛውም ፎርማት ይደረግ› ተባልኩ። ሌላው ባለሙያ ‹ሞቷል፣ ቀይሪው› አለኝ። አዲስ ገዝቼ ብተካው ሳይቆይ እሱም እንደዚያው ጠፋ። ኤክስተርናል ዲስኬም አንዳንዴ ይቋረጣል። አሮጌው ላይ ገና ያላስረከብኳቸው የሰርግ ቪዲዮዎች አሉ። ደሴ ከፍታ ቦታ ስለሆነች ዲስክ አይበረክትባትም፣ እዚያ ወስደሽ ነው ያባስሽው የሚሉኝም አሉ። የቱን ልመን? የሁለቱንም ዲስክ ጤና የሚያሳየውን የክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ፕሮግራም ስክሪንሾት ልኬያለሁ፤ አሮጌው ላይ ‹4ቢ2› የሚለው ምን የሚሉት ስህተት ነው?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ፎርማት የሚለውን ምክር ለጊዜው ጆሮ ዳባ ልበስ ይበሉት። ፎርማት የሚነካው በዲስኩ ላይ የተጻፈውን ነው፤ የላላ ሶኬት አያጠብቅም፣ የተጎዳ ኬብል አይጠግንም። እርስዎ ዘንድ የሚያጠፋው ነገር ቢኖር ያላስረከቧቸውን ሰርጎች ብቻ ነው።

«የቱን ልመን» ላሉት ከሁለቱ ባለሙያዎች ይልቅ ሁለተኛውን ዲስክ ይመኑ። አሮጌው ጠፋ፤ ወጥቶ በቦታው ሌላ ገባ፤ እሱም በዚያው አኳኋን ጠፋ። ሁለት ዲስኮች ተከታትለው በአንድ ዓይነት ሕመም አይያዙም አልልም፤ ግን ከእነሱ በፊት መጠርጠር ያለበት አለ። ዲስኩ ሲቀየር ምን ሳይቀየር ቀረ? ዳታ ኬብሉ፣ ኬብሉ የተሰካበት የማዘርቦርዱ ቀዳዳ፣ ለዲስኩ ኃይል የሚያመጣው ገመድ፣ ፓወር ሰፕላዩ ራሱ። እኔ ጥፋቱ ከእነዚህ በአንዱ ላይ ነው ብዬ እጀምራለሁ።

ደሴ ላይ ቀኑን ሙሉ መሥራቱም ይህንኑ ነው የሚያጠናክርልኝ። ይዘው የመጡት ዲስኩን ብቻ ነው። ባለሙያው በራሱ ኬብልና በራሱ ፓወር ሰፕላይ ሰካው፣ ሠራለት። ጥፋተኛው ኮምቦልቻ ኬዙ ውስጥ ቀርቷል። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል፣ ሐረጎ ላይ መንገዱ ተበላሽቶ መኪናውን ጋራዥ እንደ ማስገባት ነው። እንዲህ አልፎ አልፎ የሚመጣ ብልሽት ሲገጥምዎ ወደ ባለሙያ መምጣት ያለበት ሙሉው ኬዝ ነው፣ ከነኬብሉ፣ ምንም ሳይነቀል። ሲነቀልና ሲሰካ የላላው ለጊዜው ይጠብቅና ምልክቱ ይሰወራል። እኛ ሱቅ ደርሰው «ምንም የለበትም» ተብለው ከሚመለሱት ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ የዳኑት በእኛ እውቀት አይደለም፤ በጉዞው ሶኬታቸው ተነቃንቆ ነው።

አሁን ወደ ቪዲዮዎቹ እንሂድ። ማዳንና መመርመር ሁለት ሥራ ነው፤ አሠራራቸውም ተቃራኒ ነው። ስንመረምር ጥፋተኛው የቱ እንደሆነ ለመለየት በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እንቀይራለን። ስናድን ግን ሁሉንም በአንዴ እንቀይራለን፤ ያን ጊዜ ጥፋተኛው ማንም ይሁን ማን ግድ የለንም። ስለዚህ አሮጌውን ዲስክ በሌላ ኮምፒውተር፣ በሌላ ኬብል፣ በሌላ ፓወር ይሰኩት። ሌላ ዴስክቶፕ ካላገኙ ከዩኤስቢ ወደ ሳታ (ዲስክ ኬዝ ውስጥ የሚሰካበት የመስመር ዓይነት) የሚቀይር መሣሪያ ይሸጣል፤ ከግድግዳ የሚሰካ የራሱ ባለ 12 ቮልት አዳፕተር ያለውን ይግዙ። የዴስክቶፕ ዲስክ ሞተር የሚዞረው በ12 ቮልት ሲሆን የተለመደው ዩኤስቢ የሚሰጠው 5 ቮልት ነው። ለላፕቶፕ ዲስክ የተሠራችውን ትንሿን መቀየሪያ ገዝተው ዲስኩ አልነሣ ሲል «ሞተ» ብለው እንዳይደነግጡ።

ኮፒ ሲያደርጉ ሙሉውን ዲስክ መርጠው አይጎትቱ። ያላስረከቧቸውን አስቀድመው፣ አንድ ሰርግ በአንድ ጊዜ ያውጡ፤ እያንዳንዱ ሲያልቅ ቪዲዮውን ከፍተው መሃሉንና መጨረሻውን አጫውተው ይዩ። ያንኑ ወደ ሁለተኛ ቦታም ያስቀምጡ። «ከት» የሚለውን አይንኩ፣ ኮፒ ብቻ። ከመሃል ቢቋረጥ የቱ ተላልፎ የቱ እንደቀረ መፈለግ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው።

ዊንዶውስ ሲነሣ በራሱ ተነሣሽነት ዲስኩን ልፈትሽ ሊል ይችላል። ሰከንድ እየቆጠረ ይጠብቅዎታል፤ ቆጠራው ሳያልቅ ማንኛውንም ቁልፍ ተጭነው ያስቁሙት። ቼክ ዲስክ የሚባለው ይህ ፍተሻ የፋይሎቹን ማውጫ እየጻፈ ነው የሚጠግነው፤ መስመሩ እየተቆራረጠ ሲጽፍ ደህና የነበረውን ፎልደር በታትኖ ስም የለሽ ቁርጥራጭ የሚያደርግበት ጊዜ አለ። ቪዲዮዎቹ ከወጡ በኋላ እንዳሻው ይፈትሽ።

በሌላ ኮምፒውተር ተሰክቶም እየተንቀራፈፈ፣ «ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ» እያለ ድምፁን የሚደጋግም ከሆነ ግን ወዲያው ያጥፉት። ያን ጊዜ የእኔ ግምት ስህተት ነው፤ ጉዳዩም የኬብል አይደለም። ደጋግሞ ማብራትና ማጥፋት ያባብሰዋል። ሊኑክስ ላይ ዲዲ ሬስኪው የሚባል ፕሮግራም አለ፤ መጀመሪያ በቀላሉ የሚነበበውን ሁሉ ወደ ሌላ ዲስክ ይቀዳል፣ አስቸጋሪውን ለመጨረሻ ያቆየዋል፣ የት እንደደረሰ ስለሚመዘግብ ቢቋረጥም ካቆመበት ይቀጥላል። ይህን ለሚያውቅ ሰው ይስጡት። ክዳኑን ፈትቼ ልየው የሚል ከመጣ ግን ዲስክዎን ይዘው ይውጡ። አንባቢው ጭንቅላት ከሚዞረው ሳህን በላይ የሚንሳፈፈው ዓይን ሊያየው በማይችለው ክፍተት ስለሆነ አንዲት የአቧራ ቅንጣት ትበቃዋለች።

ወደ ስክሪንሾቶቹ ልምጣ። «4ቢ2» ስህተት አይደለም፣ ቁጥር ነው። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ካልነገሩት በስተቀር ጥሬ ቁጥሮቹን የሚጽፈው በ16 መሠረት ነው፤ ፊደል የሚቀላቀልበትም ለዚህ ነው። «ፋንክሽን» ከሚለው ምናሌ «አድቫንስድ ፊቸር»፣ ከዚያ «ሮው ቫልዩስ» ውስጥ ገብተው በ10 መሠረት እንዲያሳይ ቢያደርጉት ሁላችንም የምናነበው ቁጥር ይሆናል። 4ቢ2 ማለት 1,202 ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ባነሡት የዚያው የአሮጌው ዲስክ ሁለተኛ ስክሪንሾት ላይ ያለው 4ኤፍ2 ደግሞ 1,266።

ሰው ብዙ ጊዜ ከላይ «ጉድ» የሚለውን ሰማያዊ ጽሑፍ አይቶ ይዘጋዋል። እሱን ተዉት፤ መነበብ ያለበት ከሥር ያለው ሠንጠረዥ ነው። ስማርት የሚባለው ዲስኩ ስለ ራሱ የሚይዘው መዝገብ ነው። 05 የሚለው መስመር ተበላሽተው በመጠባበቂያ የተተኩ ሴክተሮችን፣ ማለትም የዲስኩን ትንንሽ የመጻፊያ ክፍሎች፣ ይቆጥራል። ሲ5 ለጊዜው አልነበብ ያሉትን፣ ሲ6 ደግሞ ተሞክረው እምቢ ያሉትን። ሦስቱም የዲስኩን ገላ የሚናገሩ ናቸው። የእርስዎ አሮጌ ዲስክ ሦስቱም ላይ ዜሮ አለው። ገላው ደህና ነው። 1,266 የተጻፈው ሲ7 በሚለው መስመር ላይ ነው፤ በሌሎች ፕሮግራሞች 199 ተብሎ ይገኛል። ይህ መስመር የሚናገረው ስለ ዲስኩ ገላ ሳይሆን ስለ መንገዱ ነው። (ሲጌት ዲስኮች 01 እና 07 ላይ የሚያሳዩት ረጅም ቁጥር ብዙ ሰው ያስደነግጣል። የአጻጻፋቸው ነገር ነው፣ እንቅልፍ አይጡበት።)

ማዘርቦርዱና ዲስኩ መረጃ የሚለዋወጡት በጥቅል በጥቅል ነው፤ እያንዳንዱ ጥቅል ባለ 32 ቢት የማረጋገጫ ቁጥር ተለጥፎበት ይላካል። ተቀባዩ የደረሰውን ራሱ ያሰላና ከተለጠፈው ጋር ያስተያያል። ካልገጠመ አልቀበልም ይላል፣ እንደገና ይላክለታል፣ ሲ7 ላይ አንድ ይጨመራል። እንግዲህ ሲ7 ጨመረ ማለት ቪዲዮው ተበላሸ ማለት አይደለም፤ ስህተቱ ተይዞ ተመልሷል ማለት ነው። ጣጣው ሲበዛ ነው። ምልልሱ ይበዛል፣ ኮፒው ይንቀራፈፋል፣ ዊንዶውስ ምላሽ ሲዘገይበት መስመሩን ዘግቶ እንደገና ይከፍታል፣ ሰልችቶት ዲስኩ የለም ብሎ ከዝርዝሩ ያወጣዋል። አንድ ፎቶ ሲያስተላልፉ የማይታየው፣ ረጅም የሰርግ ቪዲዮ ሲሆን የሚከሰተው ለዚህ ነው፤ ብዙ ጥቅል በሄደ ቁጥር የሚሰናከለውም ይበዛል።

ሲ7 ወደ ኋላ አይቆጥርም። ኬብል ቀይረው ዜሮ እስኪሆን አይጠብቁ፤ 1,266 ላይ ቆሞ ከቀረ በቂ ነው። ከአንድ ቁጥር ብዙ አይታወቅም፤ ዛሬ ስንት ነበር፣ ከሳምንት በኋላስ ስንት ሆነ የሚለው ነው የሚናገረው። ቀኑንና ቁጥሩን ወረቀት ላይ ይጻፉት።

ዊንዶውስም የራሱ መዝገብ አለው። «ኢቨንት ቪወር» ከፍተው «ዊንዶውስ ሎግስ» ውስጥ «ሲስተም» የሚለውን ይጫኑና ዲስኩ ወደጠፋበት ሰዓት ይሂዱ። 129 ካዩ መስመሩ እንደገና ተከፍቷል፣ 153 ካዩ ትእዛዙ እንደገና ተሞክሯል፣ 157 ካዩ ዲስኩ ሳይታሰብ ተነቅሏል ማለት ነው። 7 ደግሞ ዲስኩ ላይ የተበላሸ ቦታ ተገኘ የሚል ነው። የመጀመሪያዎቹ ተደርድረው 7 ከሌለ፣ ስማርቱም እንደ እርስዎ 05፣ ሲ5 እና ሲ6 ላይ ዜሮ ከሆነ፣ ዲስኩን መኮነን ይከብዳል።

ይህን ሁሉ ብዬ ግን ዳታ ኬብሉ ላይ ብቻ እንዳልፈርድ የሚያደርገኝ ያ «ቀጭ» ያሉት ድምፅ ነው። ዳታ ኬብል ሲቋረጥ ዲስኩ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብሎ መዞሩን ይቀጥላል። ጭንቅላቱ ተፈናጥሮ ወደ ማረፊያው የሚገባው ኃይል ድንገት ሲቋረጥበት ነው፣ መብራት ሲጠፋ እንደሚሰሙት ያለ ድምፅ። እናም እኔ አብልጬ የምጠረጥረው የፓወሩን ገመድ ነው። ኃይል በሥራ መሃል ሲቋረጥ በመንገድ ላይ የነበረውም ጥቅል ስለሚሰበር ሲ7 ልክ እንደ ዳታ ኬብል ጥፋት ሊጨምር ይችላል። ዳታ ኬብል ቀይረው ጨረስን ብለው ኬዙን የሚዘጉ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

የቱ እንደሆነ ምንም ሳይፈቱ የሚለዩበት መንገድ አለ። ስማርት ላይ 0ሲ የሚል መስመር ያገኛሉ፤ ዲስኩ ስንት ጊዜ ኃይል አግኝቶ እንደተነሣ የሚቆጥር ነው። ኤስኤስዲውም ይህንኑ ይቆጥራል። ሁለቱ በአንድ ኬዝ ውስጥ ናቸው፣ በአንድ ቁልፍ ይበራሉ፣ በአንድ ቁልፍ ይጠፋሉ። ዛሬ የሁለቱንም ቁጥር ይጻፉ፤ ከሳምንት በኋላ ስንት ስንት እንደጨመሩ ያስተያዩ። ለምሳሌ ኤስኤስዲው 9 ጨምሮ ሃርድ ዲስኩ 13 ከጨመረ፣ አራት ጊዜ ለሃርድ ዲስኩ ብቻ መብራት ጠፍቶበታል። ሁለቱም እኩል 9 ከጨመሩ ፓወሩን በነጻ አሰናብተው ዳታ ኬብሉን ይያዙ። ይህን ፈተና የምወደው ገንዘብ ስለማይጠይቅና ብልሽቱ እኛ ዓይን ፊት እንዲደገም ቁጭ ብሎ መጠበቅ ስለማያስፈልግ ነው።

ኬዙን ሲከፍቱ ኮምፒውተሩን ያጥፉ፣ ገመዱን ከግድግዳ ይንቀሉ፣ የማብሪያ ቁልፉን ለጥቂት ሰከንድ ተጭነው በውስጡ የቀረውን ያስወጡ፣ ብረቱን ነክተው ይጀምሩ። ከዚያ የዲስኩን ሰፊ ሶኬት ይዘው ገመዱን ወደ ፓወር ሰፕላዩ ይከተሉት። ጠባቡ ባለ 7 እግር የዳታ፣ ሰፊው ባለ 15 እግር የፓወር ነው። የእርስዎ ዓይነት ያገለገሉ የቢሮ ዴስክቶፖች የሚሠሩት ለአንድ ወይም ለሁለት ዲስክ ስለሆነ ተጨማሪ ዲስክ ሲገባባቸው ባለሙያው አንዱን አፍ ለሁለት የሚከፍል ስፕሊተር ይጨምራል፤ ወይም ባለ አራት ቀዳዳውን ትልቁን ሞሌክስ ወደ ሳታ ይቀይራል። መሃል ላይ እንዲህ ያለ ቅጥያ ካገኙ ፍለጋው ሳያልቅ አልቀረም።

ሞሌክሱን ነቅለው ውስጡን በስልክዎ ባትሪ አብርተው ይዩት። አራቱ የብረት ቱቦዎች እኩል ወደ ፊት መውጣት አለባቸው። አንዱ ወደ ኋላ ሸሽቶ ከሆነ ሲሰካ ጫፉን ብቻ ነው የሚነካው፤ ጠዋት ይነካል፣ ቀትር ላይ ኬዙ ሲሞቅ ይለቃል። የሳታው አፍ ላስቲኩ ቡናማ ከሆነ፣ ከለሰለሰ ወይም የተቃጠለ ነገር ከሸተተ መልሰው አይሰኩት። በተለይ ገመዶቹ በቀለጠ ላስቲክ ውስጥ ተቀብረው ድፍን ሆነው የተሠሩት ርካሽ መቀየሪያዎች ውስጣቸው ሾርት አድርጎ የሚቃጠሉ በመሆናቸው በየአገሩ ስማቸው የከፋ ነው። ስቱዲዮዎን ዘግተው ሲሄዱ ኮምፒውተሩ ቪዲዮ እንዲጨርስ ከነመብራቱ ትተውት የሚሄዱ ከሆነ ይህ ከቪዲዮዎቹም በላይ ያሳስበኛል።

መፍትሔው ቅጥያውን ማስወጣት ነው። «ሌላ አፍ የለኝም» ካሉ ዲቪዲ ማጫወቻው ዛሬም ያገለግልዎታል? ካላገለገለዎት የሱን ፓወር ነቅለው በቀጥታ ለዲስኩ ይስጡት። ትልቁ የዴስክቶፕ ዲቪዲ ከሆነ አፉ አንድ ነው፤ ቀጭኑ የላፕቶፕ ዓይነት ከሆነ ግን አፉ ስለሚያንስ አይሆንም።

ቴስተር ያለው ሰው ካለ ቮልቱን ይለካልዎ። ጥቁሩን በጥቁሩ ገመድ፣ ቀዩን በቢጫው ሲያደርግ ከ11.4 እስከ 12.6 ቮልት ማንበብ አለበት፤ በቀዩ ገመድ ከ4.75 እስከ 5.25። ልኬቱ ዲስኩ ኮፒ እያደረገ ሳለ ይሁን፤ ሥራ ፈቶ ሲቀመጥ ሁሉም ፓወር ሰፕላይ ጨዋ ነው። ከቅጥያው በፊትና ከቅጥያው በኋላ ለክቶ ልዩነት ካገኘ የሚበላው ቅጥያው ነው። ደህና ካነበበ ግን በዚያ ብቻ ነጻ አይወጣም፤ ለቅጽበት የሚወርደውን ቮልት ተራ ቴስተር አይደርስበትም።

ፓወሩን አስተካክለው ሳምንት ከሠሩ በኋላ ሲ7 አሁንም ከጨመረ ዳታ ኬብሉን ይቀይሩ። እሱም ካልሆነ ማዘርቦርዱ ላይ ያለውን ቀዳዳ። በየተራ፣ በመካከሉ ጥቂት ቀን እየሰጡ።

ኬብል ሲገዙ ሻጩ «ይሄ ሳታ 3 ነው» ብሎ ዋጋ ቢጨምርብዎ ብዙ አይስሙት፤ በሥርዓቱ የተሠራ ሳታ ኬብል ለሦስቱም የሳታ ፍጥነቶች አንድ ነው፣ ቀይ መሆኑም ሰማያዊ መሆኑም ለውጥ የለውም። የሚታየው ጫፉ ነው። የብረት መቆለፊያ ያለውን ይምረጡ፤ ሲሰካ «ቅጭ» ብሎ መያዝ አለበት፣ ቀስ ብለው ሲጎትቱት መውጣት የለበትም። ግማሽ ሜትር ከበቂ በላይ ነው፤ ሥርዓቱ የሚፈቅደው እስከ 1 ሜትር ቢሆንም የተረፈውን አጣጥፎ በላስቲክ ማሰር በራሱ ጉዳት አለው። ሹል ሆኖ የታጠፈ፣ ተጨፍልቆ ነጭ መስመር ያወጣ ኬብል ላይ ገንዘብ አያውጡ። ከአሮጌ ኮምፒውተር የተነቀለ ጥሩ ኬብል ከአዲስ ርካሽ ኬብል ይሻላል፤ ብቻ ብዙ የተሰካና የተነቀለ እንዳይሆን። የኬዝ ውስጥ ሳታ ሶኬት የተሠራው ወደ 50 ጊዜ ለመሰካት ነው፤ ባለሙያ ጠረጴዛ ላይ የሚውል ኬብል ደግሞ ይህን ቶሎ ነው የሚጨርሰው። የዲስኩን እግሮች ማጽዳት ካስፈለገ ንጹሕ አልኮል በጥጥ ነክሮ ነው እንጂ ሽቶ አይደለም። ሽቶ ሲቀባ ዓይኔ አይቷል።

ዲስኩ በኬዙ ውስጥ በብሎን መያዙንም ይዩ። በሁለት ብሎን ተንጠልጥሎ ወይም ጭራሽ ከታች ተኝቶ ያገኘሁት ብዙ ነው። ስቱዲዮዎ በባቲ አድርጎ ወደ ጂቡቲ ወደሚወስደው መንገድ ዳር ከሆነና ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ጠረጴዛው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ ልል ሶኬት ለመልቀቅ ሌላ ምክንያት አያስፈልገውም።

የኤክስተርናሉ ነገር ሌላ ጉዳይ ነው፤ ከዚህኛው ጋር አያምታቱት። እሱ ላይ ሲ7ን አይተው ዜሮ ቢያገኙ ኬብሉ ደህና ነው ብለው አይደምድሙ። ሲ7 የሚቆጥረው በሳታ መስመር ላይ ያለውን ስህተት ነው፤ የዩኤስቢ ኬብሉን ጥፋት አያውቀውም። እነዚህ ትንንሽ ዲስኮች ብዙ ጊዜ የሚያልቁት በዚያች ጠፍጣፋ፣ ከጎኗ ሰርጎድ ባለችው አፋቸው ላይ ነው፤ ከነኬብሉ ቦርሳ ውስጥ ሲከተት ትጣመማለች። ሌላ አጭር ኬብል ይሞክሩ፤ ከኬዙ ፊት ለፊት ሳይሆን ከኋላ፣ ሰማያዊው ቀዳዳ ላይ ይሰኩት። ተራው ዩኤስቢ 2 የሚሰጠው ግማሽ አምፔር ነው፣ ሰማያዊው ዩኤስቢ 3 ደግሞ 0.9 አምፔር፤ ዲስኩ ሲነሣ የሚፈልገው ከመጀመሪያው ሊበልጥ ይችላል። በማብዣ ሃብ በኩል ከፍላሽና ከካርድ ሪደር ጋር ተሰልፎ ከሆነ መቋረጡ አይግረምዎ። አፉ ከተነቀለ ግን «ውስጡን አውጥተን በሳታ እናነባለን» ለሚልዎ አይቸኩሉ፤ አንዳንዶቹ ዩኤስቢው ራሱ ዲስኩ ሰሌዳ ላይ የተበየደ ነው፣ ውስጣቸው ሳታ የለም።

ስለ ከፍታው እንኳን አትጨነቁ። ብዙ አምራቾች ለዴስክቶፕ ዲስክ የሚጽፉት የመሥሪያ ወሰን 10,000 ጫማ፣ ማለትም 3,048 ሜትር ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ናት። አምባ ፈሪት ተራራ አናት ላይ ስቱዲዮ ቢከፍቱ ኖሮ እንነጋገርበት ነበር። ከከፍታው ይልቅ የሙቀቱ ለውጥ ይታሰብ፦ በደሴ ብርድ ያደረ ዲስክ ኮምቦልቻ ወርዶ ሞቃት አየር ሲያገኘው ላብ ሊያወጣ ስለሚችል፣ እንደደረሱ ከመሰካት ከነመጠቅለያው ትንሽ ያቆዩት።

በመጨረሻ «አዲስ» ብለው ስለገዙት ዲስክ። 09 በሚለው መስመር ላይ 5213 ይላል፤ ፊደል ስለሌለበት ቀጥታ አምስት ሺህ ብለው አንብበውት ይሆናል። እሱም በ16 መሠረት ነው። ወደ 21,000 ሰዓት ይሆናል፤ ሌት ተቀን ቢቆጠር ከሁለት ዓመት በላይ የሠራ ዲስክ ነው። ስለዚህ እሱ ላይ ሲ7 የሚያሳየውን 37 በእርስዎ ኬብል ላይ አላሳብበውም፤ ከቀድሞ ባለቤቱ ይዞት የመጣ ሊሆን ይችላል። 38 ከሆነ ያን ጊዜ እንነጋገራለን። ያገለገለ ዲስክ መሸጥ ነውር የለውም፣ እንደ ያገለገለ ዋጋ ከሆነ። በአዲስ ዋጋ ከሆነ የከፈሉት፣ ስክሪንሾቱን በ10 መሠረት አድርገው እንደገና ያንሡና ደረሰኙን ይዘው ሻጩ ዘንድ ይሂዱ። ከመመለስዎ በፊት ግን የቀዱበትን ሥራ ያውጡ፤ አሮጌው ዲስክም ፓወሩ ከተስተካከለ በኋላ ሲ7 ቆሞ ሦስቱ መስመሮች ዜሮ ሆነው ከቀጠሉ ለሁለተኛ ቅጂ ማስቀመጫ ያገለግልዎታልና አይጣሉት። የኤስኤስዲውንና የዲስኩን የ0ሲ ቁጥር ከሳምንት በኋላ ይላኩልኝ።